ሞተሪኖው ምን አጠፋ?

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ አባቴ ደረታቸውን ይዘው «ልጄ፣ አየር አጠረኝ» አሉኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስለ ሕመማቸው ማውራት ልማዳቸው አይደለም። እርሳቸው «አመመኝ» ካሉ ነገሩ ከቃሉ እንደሚብስ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ጋቢያቸውን ደርቤ፣ በግቢው ወደቆመችው አሮጌ ቮልሳችን ደግፌ አስገባኋቸው። የፊት መብራቱን አበራሁ፤ ቁልፉን ጠመዘዝሁ።

«ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ።»

ሌላ ድምፅ አልተሰማም። ደግሜ ጠመዘዝሁ፤ እርሷም ያንኑ ደገመችልኝ። አባቴ ዐይናቸውን ጨፍነው ያቃስታሉ። እናቴ የመኪናውን በር ይዛ ቅዱሳኑን ሁሉ በየስማቸው ትጠራለች። እኔ ደግሞ፣ ምን እንደሚሠራ የጠፋው ሰው እንደሚያደርገው፣ ያንኑ ቁልፍ ለአምስተኛ፣ ለስድስተኛ ጊዜ ጠመዘዝሁ። በመጨረሻ የሰፈሩ ጥበቃና ሁለት ጎረቤቶች ደርሰው ገፉን። መንገዱ ቁልቁለት በመሆኑ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ። ሆስፒታል ደረስን። አባቴ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅም በረንዳው ላይ ጋዜጣ እያነበቡ ነው። ይሁንና በዚያ ሌሊት ሐኪሙ «ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን…» ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። ያ ሳይጨረስ የቀረ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የሚቆጨኝ መኪናዋ አሮጌ መሆኗ አይደለም። በዚያች ሌሊት ሞተሪኖዋም አዲስ ነበር፤ ባትሪዋም አዲስ ነበር። ሁለቱንም ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከደመወዜ ቀንሼ ያስለወጥኋቸው እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ነበር የጎደለው?

የጎደለው ዕቃ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። ይህች መጣጥፍ የምታነሣውም ይህንኑ ነው። እኛ ሳንመረምር መለወጥ የምንወድ ሰዎች ነን። ስለ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ በሚወራበት በዚህ ገጽ ስለ ሞተሪኖ መጻፌ ለሚያስገርመው አንባቢ አንድ ነገር ላሳስብ፤ ቋንቋችን መኪናን «ያስነሣል» እንጂ «አያስጀምርም»። ጦር ይነሣል፤ ታቦት ይነሣል፤ የታመመ ይነሣል፤ የሞተም ይነሣል ብለን እናምናለን። መኪናም በዚሁ ግስ ይነሣል። አልነሣም ሲልም የምንደነግጠው ቃሉ ከልባችን ጋር የቆየ ዝምድና ስላለው ይመስለኛል።

የጋራዡ ቋንቋም ቢሆን ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ኮፈን፣ ካቻቢቴ፤ አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ መጥተው እኛ ዘንድ አማርኛ ሆነው የቀሩ ናቸው። «ሞተሪኖ» በትውልድ ቋንቋው «ትንሽዬ ሞተር» ማለት ነው፤ የማቆላመጫ ስም ነው። እውነትም ትንሽ ናት፤ ሥራዋ ግን ትልቁን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ነው።

ከእርሷ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው የሰው ክንድ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለዐፄ ምኒልክ የመጣላቸው መኪና የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገና ያልተለመደበት ዘመን ልጅ ነበር። የዚያ ዘመን መኪና የሚነሣው ከፊቱ በሚሰካ ማኖቬላ እየተሽከረከረ ነው። ሞተሩ ያለጊዜው ፈንድቶ ወደ ኋላ ሲመልሰው ማኖቬላው የስንቱን ክንድ ሰብሯል።

ለዚህ መላ ያመጣው ሰው ታሪክ፣ እንደኔ በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ልዩ ጣዕም አለው። ቻርልስ ኬተሪንግ ይባላል። በአሜሪካ ዴይተን ከተማ፣ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ መሐንዲስ ነበር። እዚያ ሳለ በእጅ የሚዞረውን መመዝገቢያ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ አደረገው። በዚያ ሥራው የተገነዘበው ቁም ነገር፣ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ከፍተኛ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ግዙፍ መሆን እንደማያስፈልገው ነው። የመመዝገቢያው ሞተር መሳቢያውን አስፈንጥሮ ያርፋል፤ ቀኑን ሙሉ አይሠራም። ይህንኑ ሐሳብ ወደ መኪና ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይም የኤሌክትሪክ ማስነሻ ተገጠመ። እንግዲህ መኪናን የሚያስነሣው ሐሳብ በከፊል የተወለደው ከገንዘብ መሳቢያ ነው ማለት ነው። ይህን ባወቅሁ ቀን በመሥሪያ ቤቴ ያለውን መሳቢያ በአዲስ ዐይን ተመለከትሁት።

የአሠራሩም ነገር እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ትንሽ ኃይል በቀጭን ሽቦ በኩል በሞተሪኖው ጀርባ ወዳለችው ሶሌኖይድ ይሄዳል። ሶሌኖይዷ ሁለት ነገር ታደርጋለች። አንደኛ፣ የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ገፍታ ከቮላኖው ታላቅ ጥርስ ጋር ታጠላልፋለች። ሁለተኛ፣ ከባትሪው በወፍራሙ ገመድ የሚመጣውን ታላቅ ኃይል መንገድ ትከፍታለች። ያ ኃይል ለትንሽ መኪና እንኳ 100 አምፔርና ከዚያ በላይ ነው። ኃይሉ በሞተሪኖው ውስጥ አልፎ ሞተሩን ያዞራል፤ ከዚያ ወደ ባትሪው ይመለሳል።

«ይመለሳል» የምትለዋን ቃል አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ድምፆቹ ልለፍ። ያልተነሣ መኪና ዲዳ አይደለም፤ ይናገራል። እኛ ነን የማናደምጠው። የሰምና ወርቅ ባለቤት የሆነ ሕዝብ፣ ቅኔ ሲሰማ ከላይኛው ትርጉም በታች ሌላ መፈለግ የለመደ ሕዝብ፣ መኪናው ፊት ሲቆም ግን ሰሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል። እስቲ ጥቂቶቹን እንፍታ።

ቁልፉ ተጠምዝዞ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ መብራቶቹም ከደበዘዙ፣ ጥርጣሬው ወደ ባትሪው ወይም በባትሪው ራስ ላይ ወደሚታሰሩት መያዣዎች ነው። መብራቶቹ ቦግ ብለው በርተው ድምፅ ከሌለ ግን ባትሪውን መውቀስ ግፍ ነው። ትእዛዙ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም፤ የሚመረመረው ቁልፉና ቀጭኑ ሽቦ ነው። በእኛ ቮልስ ዐይነት መኪና ቁልፉ ከፊት፣ ሞተሪኖው ከኋላ በመሆኑ ያ ቀጭን ሽቦ ረጅም ጉዞ አለው። ባረጀና ግንኙነቱ በላላ ቁጥር መልእክቱ በመንገድ ይደክማል። ሞተሩ ሞቆ ከቆመ በኋላ አልነሣም የሚሉ አንዳንድ ቮልሶች ችግራቸው ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ሶሌኖይዷ ትእዛዙን ሰምታለች፤ ታላቁ ኃይል ግን አላለፈም፣ ወይም ቢያልፍም ሞተሪኖው መዞር አልቻለም። የሶሌኖይዷ መገናኛ ተቃጥሎ፣ ወይም በውስጥ ያሉት ካርቦኖች አልቀው ሊሆን ይችላል። በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ሲመቱት የሚነሣው እንዲህ ያለው ነው። ቢነሣም አልዳነም፤ የተጣበቀው ካርቦን ለጊዜው ተላቀቀ እንጂ። «ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ» እያለ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ፣ ኃይሉ በየመሐሉ ይወድቃል ማለት ነው። ሶሌኖይዷ ትይዛለች፤ ታላቁ መንገድ ሲከፈት ቮልቱ ያሽቆለቁላል፤ ትለቃለች፤ ቮልቱ ያገግማል፤ እንደገና ትይዛለች። ብዙውን ጊዜ ይህ የደከመ ባትሪ ወይም የሻገተ ግንኙነት ድምፅ ነው።

ሞተሪኖው በከንቱ «ዝዝዝ» ብሎ እየተሽከረከረ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ ጥርሶቹ አልተጠላለፉም። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከተሰማ ጥርሱ በልቷል፤ እንዲህ ያለውን ደጋግሞ መሞከር ቮላኖውንም ማስበላት ነው። ሞተሩ እያቃሰተ፣ ሽቅብ እንደሚወጣ ሽማግሌ በዝግታ ከዞረ፣ ባትሪው ደክሞ፣ ግንኙነቱ ሻግቶ፣ ወይም የሞተሪኖው ዘንግ የሚያርፍበት የነሐስ ቀለበት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው አዲስ አበባ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ ዘይትንም ያወፍራል። ስለዚህ ይህ ድምፅ የብርድ ወራት ድምፅ ነው።

በመጨረሻ፣ ሞተሩ በደንብ እየዞረ አልነሣ ካለ ሞተሪኖው ንጹሕ ነው። ሥራውን ጨርሷል። የቀረው የነዳጅ፣ የአየርና የካንዴላ ብልጭታ ጉዳይ ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሪኖ የሚያስፈታ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ዐይነት ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ በድፍረት ልጻፈው እንጂ፣ ያኔ አንዱንም አላውቅም ነበር። ቮልሳችን በጥቅምት ወር ጠዋት ጠዋት ማቃሰት በጀመረች ጊዜ በአቅራቢያችን ወዳለ ጋራዥ ወሰድኋት። «ሞተሪኖው አልቋል» ተባልሁ፤ ተለወጠ። ለአንድ ሳምንት እንደ ወፍ በረረች። ከዚያ ማቃሰቷን ቀጠለች። ተመልሼ ሄድሁ፤ «እንግዲያው ባትሪው ነው» ተባለ፤ እርሱም ተለወጠ። ለሁለት ሳምንት ደህና ሆነች። ከዚያ ያ የኅዳር ሌሊት መጣ።

አባቴ ከሆስፒታል በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ አንድ ወዳጄ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ወዳሉበት ወሰደኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ኮፈን ሳይከፍቱ፣ ካቻቢቴ ሳያነሡ፣ በርጩማ ሰጥተው አስቀመጡኝና ጥያቄ ጀመሩ።

«ስትጠመዝዛት ምን አለችህ?»

«አልነሣም አለችኝ፣ ጋሼ።»

«እሱንማ አውቄያለሁ። ድምፅዋን ነው የምልህ።»

በኀፍረት «ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ» አልሁ። እንደ ልጅ የመኪና ድምፅ በአፌ ሳወጣ ራሴን ሰማሁት። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

«መብራት አብርተህ ነበር?»

«አዎን።»

«ስትጠመዝዝ ደበዘዘ፣ ወይስ እንዳለ ነው?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም። ዐይኔን ጨፍኜ ወደዚያች ሌሊት ተመለስሁ። የአባቴን ማቃሰት፣ የእናቴን ስለት፣ ከፊታችን ያለውን የጎረቤት አጥር አየሁ። የቆርቆሮው አጥር ላይ ሁለት ክብ ብርሃን ነበር። ቁልፉን ደጋግሜ ስጠመዝዝ ሁለቱ ክቦች አልደበዘዙም። እንዲያውም የቆርቆሮው ዝገት ሳይቀር ጎልቶ ይታየኝ ነበር። መልሱ በዚያች ሌሊት በብርሃን ተጽፎ ከፊቴ ቆሞ ነበር፤ የማነበው ግን አልመሰለኝም።

«አልደበዘዘም» አልኋቸው።

«እንግዲህ ባትሪህ ጤነኛ ነው። ሞተሪኖህንም ገና አንፍረድበት» አሉና ተነሡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በቴስተር ባትሪውን ለኩት፤ 12.6 ቮልት፤ ሙሉ ነው። ማርሹ ነጻ መሆኑንና የእጅ ፍሬኑ መያዙን አረጋግጠው ቁልፉን እንድጠመዝዝ አዘዙኝ፤ ባትሪው ከ12 ብዙም አልወረደም። ሞተሪኖ ኃይል እየወሰደ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በታች በወረደ ነበር፤ ስለዚህ የሚገባውን ያህል ኃይል እየሄደ አይደለም። ቀጥለው የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በካምቢዮው ብረት ላይ አደረጉና ደግመው አስጠመዘዙኝ። እዚህ መታየት ያለበት ከግማሽ ቮልት ያነሰ ነው። የታየው ከ4 በላይ ነበር።

«ተመልከት፣ ልጄ» አሉኝ፤ «መሄዱን ሁሉም ያያል። መመለሱን የሚያይ የለም።»

አንባቢ ሆይ፣ ያዝልኝ ያልሁት ቃል ይህ ነበር። የሚሄደው ኃይል በወፍራምና በሚታይ ገመድ ነው የሚሄደው። የሚመለሰው ግን በብረቱ አካል በኩል ነው። በቮልስ ሞተሪኖው የታሰረው በካምቢዮው ላይ ነው፤ ካምቢዮው ደግሞ ንዝረት እንዳይበዛ በጎማ ላይ የተቀመጠ ነው። ጎማ ኃይል አያሳልፍም። ስለዚህ ካምቢዮውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ አንድ የተገመደ አጭር የመዳብ ጥብጣብ አለ። በጋራዥ ቋንቋ ይህን የመመለሻ መንገድ «ማሳ» ይሉታል። ቃሉ ከጣሊያንኛ ቢመጣም እኛ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ሌላ ማሳ ያገኛል። ለገበሬው ማሳ የዘራው የሚመለስለት ቦታ ነው፤ ለመካኒኩም እንዲሁ።

ጋሼ አንድ ወፍራም ገመድ ከባትሪው ኔጌቲቭ በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ዘረጉ። «በል አሁን» አሉኝ። ቮልሷ አንዴ ሳታቃስት ተነሣች። ከሥር ገብተው ያወጡት ጥብጣብ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስል ነበር። ሲያጥፉት ግን ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ፣ ኃይል የሚያሳልፉት ጥቂት ክሮች ብቻ ቀርተውታል። የአዲሱ ጥብጣብ ዋጋ ለሁለት ሰው ምሳ አይበቃም።

የዚህ ነገር ሒሳብ የባንክ ሰው ልብ የሚነካ ነው። በአንድ ግንኙነት ላይ ያለ 0.02 ኦም የሚሆን እንቅፋት፣ 100 አምፔር ሲያልፍበት 2 ቮልት ይበላል። መብራት ለማብራት የሚሄደው ጥቂት አምፔር ግን በዚያው እንቅፋት ላይ ቢያልፍ ጉድለቱ አይታወቅም። ትልቅ ሸክም ካልመጣ ትንሽ ዝገት አይገለጥም። ይህ ስለ መኪና ብቻ የተባለ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል።

ታዲያ አዲሱ ሞተሪኖ ለምን ለአንድ ሳምንት ሠራ? አዲሱ ባትሪስ? የሳይመረምሩ መለወጥ ተንኰል እዚህ ላይ ነው። ሞተሪኖው ሲፈታና ሲታሰር አካባቢው ተነካክቷል፤ የጥብጣቡ ክሮች ለጊዜው ተጋጥመዋል። አዲሱ ባትሪም በርትቶ ስለመጣ ዝገቱን ለጊዜው ረትቶታል። ስለዚህ ሁለቱም ጊዜ «ዳነች» ብለን ተለያየን። ስሕተት ያለ ምንም ውጤት ቢቀር ኖሮ ቶሎ እንማርበት ነበር። ለጥቂት ቀን የሚሠራ ስሕተት ግን እንደ ዕውቀት ይከበራል።

በባንክ ይህን እናውቀዋለን። የቀኑ ሒሳብ ሳይገጥም ሲቀር ገንዘብ ያዡ ከኪሱ አውጥቶ ቢሞላ መዝገቡ ይዘጋል፤ ጥፋቱ ግን አልተገኘም። ስለዚህ አስቀድመን ልዩነቱን እናጠናለን። ልዩነቱ ለዘጠኝ ከተካፈለ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል። 5,400 የሚባለው 4,500 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ 900 ነው፤ 900 ደግሞ ለዘጠኝ ይካፈላል። ልዩነቱ ለሁለት ከተካፈለ ግማሹን በመዝገቡ እንፈልጋለን፤ ገቢ የነበረው በወጪ በኩል ተጽፎ ሊሆን ይችላልና። ጉድለት ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል፤ የሚጠይቀው ሰው ካገኘ። ይህን በየቀኑ በቢሮዬ የምሠራ ሰው፣ ቮልሴ ፊት ስቆም ግን ከኪሴ እያወጣሁ ጉድለቱን ስሞላ ከረምሁ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ጋራዡ አታለለህ» ሊለኝ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪኩን ለወዳጆቼ ስነግርም እንዲያ ነበር የነገርኋቸው። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና እውነቱን ልናዘዝ። በዚያ የመጀመሪያ ቀን፣ በጋራዡ የሚሠራው ወጣት «ጋሼ፣ መጀመሪያ ልመርምረው?» ብሎኝ ነበር፤ ለምርመራውም መጠነኛ ክፍያ ጠይቆኝ ነበር። እኔ ሰዓቴን አይቼ፣ «ምኑን ትመረምራለህ? ሞተሪኖው መሆኑ የታወቀ ነው፤ ዝም ብለህ ለውጠው፤ ሥራ አለብኝ» አልሁት። ለሞተሪኖው ብዙ ሺህ ብር ሳልከራከር ከፈልሁ። ለጥያቄ ግን ጥቂት መቶ ብር መክፈል ብክነት መስሎ ታየኝ።

ጋሼ ሥራቸውን ጨርሰው ለጥብጣቡና ለምርመራው ዋጋ ሲነግሩኝም ያው ሰው ነበርሁ። በአፌ ባልናገረውም ፊቴ ላይ «አንዲት ቁራጭ ገመድ ለውጠው ይህን ያህል?» የሚል ሳይነበብባቸው አልቀረም። ቅባት የነካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ሦስት ዕቃ ብሸጥልህ ኖሮ ሳትከራከር ትከፍለኝ ነበር» አሉኝ። ቃላቸው እውነት ስለነበር መልስ አላገኘሁም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ሳይመረምሩ የሚለውጡ ባለሙያዎች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ መወቀስም ይገባቸዋል። ነገር ግን ለእነርሱ ገበያውን የምንዘረጋላቸው እኛ ነን። የሚዳሰሰውን እንጂ የሚታሰበውን ስለማንከፍልበት፣ አሳቢው ባለሙያ ተርቦ ለዋጩ ይጠግባል። ልጆቹን ማሳደግ ያለበት መካኒክ፣ ሩብ ሰዓት ጠይቆና ለክቶ «ገመድ ነው» በማለቱ የምሳ ዋጋ የሚያገኝ ከሆነ፣ በዕቃ ሽያጭ ግን የሳምንት ወጪውን የሚሸፍን ከሆነ፣ ጽድቅን ከእርሱ ብቻ መጠበቅ አይቻልም። «መኪናው ቆሞብኛል፤ ጊዜ የለኝም፤ መመርመር የሀብታም ነገር ነው» የሚል ሰውም አይጠፋም። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያቺ ያተረፍኋት ሩብ ሰዓት አንድ ሞተሪኖ፣ አንድ ባትሪና አንድ ሌሊት አስከፍላኛለች። የመጨረሻዋ ዋጋዋ አባቴ ሊሆኑ ጥቂት ነበር የቀራቸው።

ባለ መኪናው ቢያንስ ሦስት ነገር ይዞ ወደ ጋራዥ መሄድ ይችላል፤ ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ድምፁ ምን ዐይነት እንደነበር፣ መብራቱ መደብዘዙን ወይም አለመደብዘዙን፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይሁን ሞቆ ሳለ የተከሰተው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ግን አንደብቅም፤ ስላላስተዋልነው የምንናገረው የለንም። ከዚያም ከመክፈላችን በፊት አንዲት ጥያቄ እንጠይቅ፤ «ይህ ዕቃ ጥፋተኛ መሆኑን በምን አወቅህ?» መልስ ያለው ባለሙያ በጥያቄው አይከፋም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ይህ ልማድ በእኛው መንደር፣ በሥነ ጽሑፉ መንደርም አለ። አንድ ግጥም አልነሣም ሲለን ቤት መምቻውን እንለውጣለን፤ ርእሱን እንለውጣለን፤ አልፎም ገጣሚውን ሌላ ገጣሚ እንዲሆን እንመክረዋለን። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው መመለሻው ነው። ከገጣሚው ወደ አንባቢው የሚሄድ ስሜት አለ፤ ከአንባቢው ሕይወት ወደ ግጥሙ የሚመለስ ግን የለም። እኔ ራሴ ስንት ስንኝ ቀድጄ ጥያለሁ። ከአሁን በኋላ ከመቅደዴ በፊት ድምፁን ለማድመጥ ቃል ገብቻለሁ፤ ጨርሶ ዝም ያለ ነው? ወይስ እየዞረ ብልጭታ ያጣ?

የሞተሪኖ ዘመን ራሱ እያለፈ እንደሆነም አልዘነጋሁም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በመንገዶቻችን ላይ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። እነዚህ የሚያስነሣቸው ሞተሪኖ የላቸውም። አንድ ቀን ልጆቻችን «መኪና ማስነሣት» ለምን እንደተባለ ይጠይቁን ይሆናል። ነገር ግን በእነዚያም ውስጥ ለመቆጣጠሪያ መሣሪያዎቻቸው የሚያገለግል ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ። ባትሪው ሲደክም ወይም ማሰሪያው ሲዝግ ያ ሁሉ ዘመናዊነት በሩን ዘግቶ ይቆማል። ዕቃው ይለወጥ ይሆናል፤ የመጠየቅ ግዴታ ግን አይለወጥም።

ያ አረንጓዴ የሆነ ጥብጣብ ዛሬ በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። አባቴ «ይህን ቆሻሻ ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል። እርሳቸው ያችን ሌሊት ብዙም አያስታውሷትም። እኔ ግን አንዳች ነገር አልነሣም ባለኝ ቁጥር እመለከተዋለሁ። ከእርሱ ሥር የጻፍኋትን አራት ስንኝ ላካፍላችሁና ልሰናበት፦

ጮኾ ያለቀሰው ሁሌም ተከሰሰ፣
ዝም ያለው ነበረ ኃይሉን የጨረሰ፤
እጄ ሳይቸኩልብኝ ጆሮዬ ይቅደመው፣
የታመመው የት ነው? ጠይቄ ላክመው።

ቸር ያሰንብተን።